የቀኝ በር ስፒከር

«አሁንስ? ድምፁ ከየት ይመጣል?»

ሰብሊ በከባዱ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ የረዳት ወንበር ላይ ተቀምጣ የፊት መስታወቱን ታያለች። አባቷ ልደቱ ከመሪው ኋላ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ከመሃል» አለች።

ልደቱ ዓይኑን ገለጠ። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነና እንደገና ከፈተው። አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። በመጨረሻ ቴፑን ዘግቶ ከመኪናው ወረደ።

ሱቁ በወደቡ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። ልደቱ ለታክሲም ለከባድ መኪናም ቴፕና ስፒከር ይገጥማል። ለሌሎቹ ገጣሚዎች ስፒከሩ ከጮኸ ሥራው አልቋል። እሱ ግን በሩ ታች የገባ ስፒከር የሚዘፍነው ለጉልበት ነው ይላል። ስለዚህ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር ከመስታወቱ ጥግ፣ ከጆሮ ትይዩ ይተክላታል። የበሩ ቆርቆሮ እንዳይንጫጫም ውስጡን በአሮጌ ምንጣፍ ይለብጠዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘምርበትን ካሴት ከፍቶ ዓይኑን ይጨፍናል። የግራና የቀኝ ስፒከሮች ልክ ከሆኑ ዘማሪው በሮቹ ውስጥ አይሰማም፤ ፊት ለፊት፣ መስታወቱ መሃል ላይ የቆመ ይመስላል። ልደቱ ይህን በጆሮው ሳያረጋግጥ መኪና አያስረክብም። እሱ በሾፌሩ ወንበር፣ ሰብሊ በሌላው ተቀምጠው ነው የሚያዳምጡት፤ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ካሴቱ ላይ የምትዘምረው የሰብሊ እናት አልጋነሽ ናት። ቤታቸው ውስጥ፣ ማራገቢያውን አጥፍተው፣ ያለ ከበሮ የቀዱት አንድ መዝሙር ነው። እናቷ ካረፈች አራት ወር ሆነ። ልደቱ ካሴቱን አልቀየረም፤ ሰብሊም ቀይረው አላለችም።

በለቅሶው ሰሞን ሰው ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አላለቀሰችም። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች። መዝሙሩ ሲከፈት ደግሞ አንድ ነገር ለምዳለች፦ እዚያው ተቀምጦ አለመስማት። አባቷ «ከየት ይመጣል?» ሲላት «ከመሃል» ትላለች። እስከ ዛሬ ማንም ያላወቀባት አባቷ ሥራው ላይ ስለማይሳሳት ነው።

የመኪናው ሾፌር አለምሰገድ ከሱቁ ሸራ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ነገ ማለዳ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ አለምሰገድ» አለው ልደቱ። «ልጄ ከመሃል ነው ትላለች። እኔ ግን ድምፁ ቦታ የለውም፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙም ጠፍቶብኛል። ጆሮዬ ነው።»

«ምን ሆንክ አንተ ሰው? ሞተሩ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ እስክደርስ ሲያጓራ ማን ቦታ ይፈልግለታል? ጮክ ካለ ይበቃኛል።»

ልደቱ አልሳቀም። ባለፈው ወር ሐኪም የቀኝ ጆሮው ትንሽ እንደደከመ ነግሮት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሁሉን በተረጋጋ ድምፅ ተናገረው። ያልሰማውን ሰምቻለሁ እያለ የሰው መኪና መንካት እግዚአብሔርም አይወደውም። መሣሪያዎቹን ሃያብለ ሰፈር ለሚሠራው ገጣሚ ለክፍሌ ይሰጣል፤ ክፍሌ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳቸዋል። አንድ የኮንቴይነር ግቢ ውስጥ የጥበቃ ቦታ አለ ተብሏል፤ ለዚያ ጆሮ ብዙም አያስፈልግም። አለምሰገድ ሊከራከር ሞከረ፤ አልሆነለትም። መኪናውን እንዳለ እንደሚወስደው ተናግሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ መንገዱን ተሻግሮ ጫት የሚቅሙ ሾፌሮች ወዳሉበት ዳስ ሄደ።

ሰብሊ ከወንበሯ ወርዳ የመኪናው መውጫ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ድምፁ ቦታ የለውም።» ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲተነፍስ ሌላው ወደ ውስጥ ከተነፈሰ፣ ማለትም የአንዱ ገመድ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ፣ ቤዙ ይጠፋል፤ ድምፁም መቆሚያ ያጣል። ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። የዚህ መኪና ገመዶች አርጅተው ሁሉም ጥቁር ሆነዋል። እንዲህ ሲሆን የሰብሊ ሥራ ባትሪ ድንጋይ ይዛ ገመዶቹን ማስነካት ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተነካካው ገመድ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው፤ እሱ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ትናንት የግራውን በር አይታ ነው ያሰረችው። የቀኙ በር ላይ ግን ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ ዓይኗ እዚያ ነበር እንጂ እሷ አልነበረችም። ክሩን ለእጇ የቀረበው ገመድ ላይ አሰረችው።

አባቷ ገመዱን ሊጠረጥር ይችል ነበር። ግን ክሩን ያሰረችው ሰብሊ ናት፤ ከመሃል ነው ያለችውም ሰብሊ ናት። የራሱን ጆሮ መጠርጠር ቀለለው።

ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ ወደ ቤት ገቡ። አባቷ ትንሽ ልተኛ ብሎ ጋደም አለ። የጎረቤታቸው ልጅ ኡሙልኸይር በረዶ ውሃ ይዛ መጣች። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ሰብሊ ጉዳዩን ስለሌላ ሰው እንደምታወራ አድርጋ ነገረቻት።

«ዋላሂ አንቺ ፍሪጅ ሆነሻል» አለች ኡሙልኸይር። «እንዲህ ያለ ነገር ተናግረሽ ፊትሽ እንኳ አይንቀሳቀስም። ቀላል እኮ ነው፤ ሄደሽ ገልብጠሽ እሰሪው። አባትሽ ይሰማል፣ ጆሮው ይድናል፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«ማንም» አለች ሰብሊ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁን ቁልፍ ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የመኪናው ቀኝ በር ሽፋኑ እንደተነሳ ነው። ሱቁን ከፍታ ባትሪ ድንጋዩን አወጣች፤ ክር ያለበትን ገመድ በፖዘቲቩ፣ ሌላውን በኔጋቲቩ አስነካች። ቲክ አለ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ። ደገመችው። ወደ ውስጥ።

ፒንሳው አጠገቧ ነበር። ገልብጦ ማሰር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አባቷ መጥቶ ቢከፍተው ይሰማዋል፤ ይደነግጣል፤ ጆሮዬን መለስክልኝ ብሎ በረንዳው ላይ ቆሞ ያማትባል። ነገ ደግሞ ሌላ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከየት ይመጣል ይላታል፤ ከመሃል ትለዋለች።

ፒንሳውን መልሳ አስቀመጠችው።

ሌላም መንገድ ነበር። ምንም አለማድረግ። ክፍሌ ይመጣል፣ መሣሪያው ይሄዳል፣ ካሴቱ አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን የምትዘጋበት ነገር አይኖርም። ከሁሉም የተመቻት ይህኛው ሐሳብ ነበር። ሲመቻት ጊዜ ፈራችው።

ልደቱ ሲመጣ አላያትም። በቀጥታ ሱቁ ገብቶ ካቻቪቴዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ በካርቶን ይደረድር ጀመር። የክፍሌን እጅ እንዳያቆሽሹ የተጠነቀቀ ይመስላል። ሰብሊ ጥቂት ቆማ አየችው።

«አባዬ፣ ና እስቲ።»

መጣ። ባትሪውን አስነክታ አሳየችው። ልደቱ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ፤ ክሩን አየ። ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ሞከረው።

«መቼ ነው ያሰርሽው?»

«ትናንት። ሳላይ ነው ያሰርኩት።»

«ጠዋት ከመሃል ነው አልሽኝ።»

«አልሰማሁም። ከለቅሶው ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፣ አባዬ። ዝም ብዬ ነው የምልህ።»

ልደቱ ቀስ ብሎ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እሱም አልተቆጣም። ፒንሳውን አንስቶ በያዘው ጨርቅ ጠረገው።

«እኔም ሁልጊዜ አልሰማትም» አለ በመጨረሻ። «አንዳንድ ቀን የምሰማው ገመዱን ብቻ ነው።»

አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ።

«ክፍሌ ይመጣል» አለች ሰብሊ።

«ይምጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል።» ተነስቶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። «የቀኙ ጆሮዬ መድከሙ ግን እውነት ነው። ሐኪሙ አልዋሸም። ካሁን በኋላ የማትሰሚበት ቀን አልሰማሁም በይኝ፤ እናቆየዋለን። መኪና ይጠብቃል።»

«እሺ።»

«ለአለምሰገድ ገመድ ተሳስቼ ነው እለዋለሁ። አንቺን አላነሳም፤ የዚያ ሰውዬ አፍ ከያዘሽ እስከ ጋላፊ ድንበር ድረስ ሾፌር ሁሉ ነው የሚስቅብሽ።»

ሰብሊ መንገዱን አሻግራ አየች። አለምሰገድ ዳሱ ውስጥ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከሾፌሮቹ መሃል ተጋድሟል። ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አባቷን ያውቃሉ።

«አይሆንም» አለች። «እኔ ነኝ የምነግረው።»

ልደቱ ቀና ብሎ አያት። መንገዱ ላይ የሚመጣ መኪና እንዳለ ግራና ቀኝ አየላት። ሰብሊ ወደ መንገዱ ወረደች። አስፋልቱ የነጠላ ጫማዋን ላስቲክ አልፎ እግሯን አቃጠላት፤ እርምጃዋን ሳታፈጥን ወደ ዳሱ ሄደች።