የዘርዋን ቅርፊት ልክ

በአርማዝ መንግሥት ወፎች ሁሉ በአንድ ማለዳ ጎጇቸውን ጥለው ሲሰደዱ፣ ሽማግሌዎቹ «መቅሠፍት ሊወርድብን ነው» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ቀይ ንዳድ ከተማዋን አጥለቀለቃት። መድኃኒቱ የዘርዋን ዛፍ ቅርፊት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ባለፈው ወረርሽኝ፣ በአገሩ ልማድ ሰባት ጊዜ ተፈልቶ የተሰጣቸው በሽተኞች ሁሉ አልቀዋል።

ወጣቷ መድኃኒት ቀማሚ ትርንጎ በንግሥቲቱ ፊት ቆመች። «አሠራሩን ከዛፉ ጠባቂ ሳልማር ብመለስ የአርማዝ አፈር አይቀበለኝ!» ብላ ማለች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ መሐላውን ስትሰማ «አትሄጂም!» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ግን ስንቅ ቋጥራ በሩ ላይ ቀድማ ተገኘች።

መንገዱን ሙሉ አፏ አላረፈም። «በገደሉ ጠርዝ አትሂጂ! ቅጠሉን አትንኪ፣ እባብ አይጠፋውም!»

«እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ገደልሽኝ እኮ!»

በዘጠነኛው ቀን፣ ከዘርዋን ዛፍ ሥር ጠባቂው ባለ መዳብ ክንፍ ነብር ተነሣ። ድምፁ ሸለቆውን አናወጠው።

«በቅርፊቱ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። መራራው ንዳድ ያበርዳል፤ ነጩ ልብ ያቆማል። እሳት ነጩን ፈትቶ ያወጣዋል። ቀዝቃዛ ውኃ መራራውን ብቻ ይስባል፤ እሱም ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል። የዘንድሮው ቅርፊት ምን ያህል እንደሚከር እኔም አላውቅም። ልኩን የሚያውቀው ልኩን አልፎ የጠጣ ነው። ሳይጠጣ የሚወስድ የለም!»

ቅርፊቱን ዘፍዝፈው ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ጠበቁ። ትርንጎ ዋንጫውን ስታነሣ እናቷ እጇን ያዘቻት።

«አንቺ ከደነቆርሽ የበሽተኛውን ትንፋሽ ማን ያዳምጣል? እኔ እንደሆንኩ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ወሬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ባልሰማውስ ምን ይቀርብኛል?»

«እማዬ፣ አይሆንም!»

«ዝም ብለሽ ቁጠሪ!» ብላ አስካለ ዋንጫውን ነጠቀቻት።

በመጀመሪያው ዋንጫ ምንም አልሆነችም። በሁለተኛው ጆሮዋ ውስጥ እንደ ንብ ያለ ነገር ጮኸ። ሦስተኛውን ስትጨልጥ የልጇ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ ድምፅ ግን አልመጣም።

«ሁለት ነው! ከሁለት እንዳታሳልፊ!» ብላ ጮኸች። የራሷንም ጩኸት አልሰማችውም።

ነብሩ ክንፉን አጥፎ መንገድ ለቀቀላቸው።

ትርንጎ አርማዝ እንደገባች ቅርፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ሁለት ሁለት ዋንጫ አጠጣች። በአሥረኛው ቀን ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው። አስካለ የነጋሪቱን ምት በእግሯ ሥር ተሰማት፤ እልል የሚሉትን አፎችም አየች፤ አላመነችም። የልጇን ቀሚስ ጎተተች።

«መድኃኒቱን ከጠጡት ስንት ሞቱ? አትደብቂኝ!»

ትርንጎ እንባዋን እየዋጠች የተጨበጠ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። አንዲት ጣት እንኳ አልዘረጋችም።