ከፋሲካ በኋላ የሰማሁት ካሴት

ታዲዮስን ያወቅሁት በቅበላ ሰሞን፣ መሐል ሜዳ ገበያ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ስሸጥ ነው። በስስ ኮት እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ዋጋ ጠየቀኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ከተማሪነቴ ጀምሮ በካሴት ሽፋን ላይ የማውቀው ፊት ነው፤ የመብረቅ ባንድ ጊታር ተጫዋች።

መብረቅን በእኛ አገር ብዙ ሰው አይወደውም ነበር። አንዱ ዘፈን የካሴቱን አንድ ገጽ ይሞላል፤ አብዛኛውም ያለ ዘፋኝ፣ መሣሪያ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ዘፋኙ ገና ከቤቱ አልተነሳም እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ጊታሩና ኦርጋኑ እንደ ሁለት ሰው ሲከራከሩ ስሰማ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል።

«ካሴቶቻችሁን ሁሉ ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ታዲያ እንዴት ናቸው?»

«ጥሩ ናቸው። ሁለተኛው ላይ ግን እርስ በርስ ትሽቀዳደማላችሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ስንት ዓመት ስንጫወት ይህን የነገረን ሰው የለም!»

ለአባቱ ተዝካር ነበር የመጣው። ተዝካሩ አለፈ፤ እሱ ግን አልሄደም። በየገበያው ቀን አጠገቤ ይቀመጣል። ክር ሲወሳሰብብኝ በነዚያ ጣቶቹ ይፈታልኛል። ልጄ ጽናት «ጋሼ ታዲ» እያለች ጉልበቱ ላይ መተኛት ለመደች። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው በአማቴ በቄሱ በአባ ተክለጻድቅ ግቢ ነው።

አንድ ቀን ከኮቱ ኪስ አዲስ ካሴት አወጣ።

«ከብዙ ዘመን በኋላ የሠራነው ነው። ሰው አርጅተዋል ይለናል። አንቺ ስሚውና ፍረጂ። ሙዚቃችን ሞቶ ከሆነ ጊታሬን ሰቅዬ እዚሁ እቀራለሁ። አገባሻለሁ።»

«ካልሞተስ?»

ካሴቱን ባናው ላይ አስቀመጠ። ባንዱ ከፋሲካ በኋላ በየአገሩ ሊዞር ቀጠሮ ይዟል።

«ያኔ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለ።

አባ ተክለጻድቅ ግን ነገሩን ጠርጥረው አስቀድመው ነግረውኛል። «ልጅ ነሽ፤ ብትሄጂ አልፈርድብሽም። የልጄ ልጅ ግን ከዚህ ግቢ አትወጣም» ብለውኛል። ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። በቄስ ቤት በጾም ዘፈን አይከፈትም። «ከፋሲካ በፊት አልሰማም» አልኩት። ሁለታችንም ጾሙ ባያልቅ ብለን የተመኘን ይመስለኛል።

አለቀ። በፋሲካ ማግስት አባ ጎረቤት ተጠርተው ሲወጡ ቴፑን አዲስ ባትሪ አጎረስኩት። ታዲዮስ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጥፎ እንዲሆን እየጸለይኩ ከፈትኩት።

የዘፋኙ ድምፅ ሳስቷል። ከበሮው እንደ ድሮው አይጋልብም። ግን አሁን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ጊታሩ ትንሽ ተናግሮ ዝም ይላል፤ በዝምታው ውስጥ ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይገባል። ወጣት ሳሉ ይህን ሊጫወቱት አይችሉም ነበር። ገጹ ሲያልቅ የነጠላዬ ጫፍ ርሷል።

ወጣሁ። ታዲዮስ ብድግ አለ።

«እህስ?»

«ሞቷል» ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ከሁሉም ይበልጣል» አልኩት። «መጫወት የቻላችሁት ገና አሁን ነው።»

ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«ትርሲት፣ ውሸቴን ነው በይኝ።»

«ዋሽቼ ባስቀርህ አንድ ቀን ራስህ ትሰማዋለህ። ያን ቀን በየትኛው ዓይኔ አይሃለሁ?»

እጆቼን ያዘ። እኔም ያዝኩት። አባ ሲመለሱ አዩን፤ ዓይናቸውን መልሰው ወደ ቤት ገቡ።

ታዲዮስን የያዘው የደብረ ብርሃን አውቶቡስ በጉም ውስጥ ሲጠፋ ጽናት ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማዬ፣ መጥፎ ነው ብትይው ጋሼ ታዲ ይቀር አልነበር?»

«ይቀር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጥሩ ነው አልሽው?»

«ጥሩ ስለሆነ ነዋ» አልኳት።