የጠፋችው «ል»

አስከሬኑ የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሟቹ ፖድካስቱን በሚቀዳባት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳዋ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው በግንባሩ ተደፍቷል። ከባዱ የማይክሮፎን መቆሚያ አጠገቡ ወድቋል፤ የብረት እግሩን ደም ነክቶታል።

ያገኘችው ታናሽ እህቱ ናት። የተቀዳ ድምፅ መቁረጥና መቀጠል (ኤዲት ማድረግ) ሊያስተምራት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበርና ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ ለትምህርቷ መጣች። አልጮኸችም። መብራቱን አጥፍታ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ያደረገችው ነገር ግራ ገብቷት ተመልሳ አበራችው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያናግራት ከሩቅ የሚያናግራት ይመስላት ጀመር።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ቀን ነው የምተኛው» አለች ሚስትየው። «ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነቃሁ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ዶፉን ሲያወርደው ቆየ። ሲያባራ መልሼ ተኛሁ፤ የቀሰቀሰችኝ እህቱ ናት።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አዎ፣ ስለ ልብስ አጣጠብ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን የመጨረሻው ወሬያችን እሱ ሆነ።»

ቀጥሎ የፖድካስቱ ሁለተኛ አቅራቢ፣ የሟቹ ባልደረባ መጣ። ፍላሽ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል በኢንተርኔት ስንቀዳ ነበር፤ እኔ ከቤቴ፣ እሱ ከዚህ። ቅጂው ይኸው። ከዚያ በቀጥታ ፀጉር ቤት ሄድኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያ መሆኔን ይመሰክሩልኛል።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሰውየው የሞተው ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል። ቅጂው እውነት ከሆነ የተገደለው ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረችው ደግሞ ሚስትየው ብቻ ናት።

መርማሪዋ እህትየውን አስቀምጣ ቅጂውን አሰማቻት።

«የወንድምሽ ድምፅ ነው?»

«የጋሼ ድምፅ ነው።» ልጅቷ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን አደረገችው። «ይችን ይመልሱልኝ። ‹ይመስለኛ› አለ። መጨረሻ ላይ ‹ል› የለችም።»

«ኢንተርኔቱ ቆርጦት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። ቤቷ ገብታ ግን ላፕቶፗን ከፈተች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለመርማሪዋ ደወለችላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው፣ እህትየውና ባልደረባው በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ከዝናቡ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ዘንቧል። ቅጂው ላይ ግን ከሟቹ ድምፅ ጋር አንድም ጠብታ አይሰማም።» ወደ እህትየው ዞረች። «ወንድምሽ በዝናብ ይቀዳ ነበር?»

«አይቀዳም። ቆርቆሮው ድምፁን ይውጠዋል።»

«ስለዚህ ድምፁ የዚያን ቀን አይደለም። ከየት መጣ? ንገሪያቸው።»

ልጅቷ ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ ሳታነሳ ተናገረች። «በጋሼ የቆየ ቅጂ ላይ መጀመሪያ ከሠራሁት ልምምድ ነው። ትንፋሹን አጠፋለሁ ብዬ ‹ል›ዋን አብሬ ቆረጥኳት። እሱ ‹ይመስለኛል› ነበር ያለው።»

«ያን ልምምድ ለማን ላክሽው?»

«ለእሳቸው ብቻ። ጋሼ ሳያየው እንዲያርሙልኝ ብዬ።»

ባልደረባው የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ጎተተ።

«ጥያቄዎቹን ቤትዎ ቁጭ ብለው አዲስ ቀዱ፤ መልሶቹን ከልጅቷ ሥራ ላይ ገጣጠሙ» አለች መርማሪዋ። «ምክንያቱን ደግሞ ሟቹ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። ልጇ የጠፋባት እናት ብላችሁ በፖድካስታችሁ ያቀረባችኋት እንግዳ የእርስዎ የአክስት ልጅ ናት፤ የጻፉላትን ነው ያነበበችው። ዛሬ ጠዋት ራሷ ነገረችኝ። ሟቹ ይህን ደርሶበት አድማጮቹን ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። እርስዎ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ሚስትየው ተኝታ ሳለች ገቡ።»

«እንዲተወው ለመንኩት» አለ ሰውየው በመጨረሻ። «ያ ሁሉ አድማጭ የመጣው በእሷ ታሪክ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ማይክሮፎኑን ማስተካከል ጀመረ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። መርማሪዋም እህትየውን ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

«ቆርጠሽ የጣልሽውስ፣ አለ?» አለች ሚስትየው።

«አለ፣ እትዬ። ሲያስል፣ ወንበሩ ሲንቋቋ። የሚረባ ነገር የለውም።»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ሰውየው አሳለ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ወረቀት ገለጠ። መሀል ላይ ከበሩ ውጭ የሚስትየው የራሷ ድምፅ ጠራው። እሱም ከማይክሮፎኑ ዞር ብሎ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ።

«መልሺልኝ» አለች ሚስትየው።

እህትየው ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰችላት።