በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የዋለው

ጋሽ መንግስቱ የሞቱት አልጋቸው ላይ ትራስ እንደተደገፉ ነው። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው አልወለቀም፤ ማሽኑ ግን በማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቷል። ዓርብ ንጋት ላይ የደረሰው ፖሊስ አንሙት ማን እንዳጠፋው ሲጠይቅ፣ ልጃቸው እስከዳር «እኔ ነኝ» አለች። እጇንም ለካቴና ዘረጋችለት።

አንሙት ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ኢንስፔክተር የብርጓልን ከደብረ ማርቆስ ያስጠራትም ለፊርማ ያህል ነበር። የብርጓል ግን ለፊርማ ብቻ ሲጠሯት አትወድም። የገብስ ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ ይጁቤ ከተማ ዳር ሜዳ ላይ የቆመውን አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ዞረችው።

ጋሽ መንግስቱ ሠላሳ ዓመት ሾፌር ነበሩ። ጡረታ በወጡ ማግስት ሳንባቸው ከዳቸውና ያለ ማሽን መተንፈስ አቃታቸው። የሰፈሩ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ያረጀ አውቶቡስ ወንበሩን አስነቅለው መኖሪያ አደረጉትና፣ ጣሪያው ላይ ስድስት የሶላር ሰሌዳ አስተከሉ። በየወሩ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትም በዚሁ ቤታቸው ነበር። ሶላሩን የተከለላቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጸጋው በር ላይ ቆሟል።

«ስንት ዋት ነው የተከልክላቸው?» አለችው።

«እያንዳንዱ ሦስት መቶ። ስድስቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ።»

«ወረቀቱ ላይ ነው ጣሪያው ላይ?»

መልሱን ሳትጠብቅ በአውቶቡሱ ኋላ ባለው መሰላል ወጣች። አንዱን ሰሌዳ በሜትር ለካችው፤ ካሬ ሜትር ተኩል ነው። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በካሬ ሜትር ሁለት መቶ ዋት ገደማ ይሰጣል። ሰውዬው አልዋሸም። ከፊት ያሉት ሦስቱ ሰሌዳዎች አቧራ ጠግበዋል፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ግን ተጠርገዋል። ከኋለኛው ሰሌዳ ጠርዝ አንዲት ጭራ ያወጣች የገብስ ቅንጣት ለቀመችና፣ ከቆሎዋ እንዳትቀላቀል በሌላኛው ኪሷ ከተተቻት።

«ባትሪው ሲያልቅ የሚጮኸውስ?» አለች ወርዳ።

ጸጋው አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ‹እንቅልፍ ነሳኝ› ብለው ለመኑኝ። ሽቦውን ነቀልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሙሉዬ ከአውቶቡሱ አጠገብ ባለው የጭቃ ቤት መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄን ልቀቂልኝ» አሉ። «ሌላ ማን አለኝ?»

«እናቴ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

«ለጥቅምት መድኃኔዓለም ዝክር ሽር ጉድ ስል። ስለቴ ነው፤ እሱን ይማርልኝ ብዬ።»

«ጠላ ይጠምቃሉ?»

«ያለ ጠላ ምን ዝክር አለ፣ የኔ ልጅ!»

የብርጓል ቆሎዋን መቆርጠም አቆመች። ወደ አውቶቡሱ ተመልሳ የሶላሩ መቆጣጠሪያ የመዘገበውን አነበበችና እስከዳር አጠገብ ተቀመጠች። እስከዳር የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ እጇ በካቴና ታስሯል።

«ማሽኑን ያጠፋሽው አባትሽ ከሞቱ በኋላ ነው። አይደለም?»

እስከዳር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይተዉት። እባክዎ። እኔ እታሰራለሁ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እስከዳር።»

«ይህኛው ባይጠራ ይሻላል።»

የብርጓል ብዙ ገዳይ አጋልጣለች፤ መልስ አግኝታ እንዲህ የመረራት ቀን ግን አልነበረም። ወይዘሮ ሙሉዬን ውጭ ልታቆያቸው ሞከረች። እሳቸው ግን «ልጄን ይዛችሁብኝ ልትሄዱ ነው፤ ከፊቴ ተናገሩ» ብለው ገቡ። አምስቱም አስከሬኑ በተነሣበት ባዶ አልጋ ዙሪያ ቆሙ።

«እስከዳር አባቷን አልገደለችም» አለች የብርጓል። «ማሽኑን በሕይወት ሳሉ አጥፍታው ቢሆን ባትሪው ላይ ኃይል ይተርፍ ነበር። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባትሪው ባዶ እንደሆነ መዝግቧል። እሷ ንጋት ላይ ያጠፋችው፣ ኃይል አልቆበት የቆመ ማሽን ነው።»

«ጸጋው አታልሏቸዋል ማለት ነዋ!» አለ አንሙት።

«የለም። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ዘጠኝ ሺህ ዋት ሰዓት ነው። ማሽኑ ሦስት መቶ ዋት ይበላል፤ ሌት ተቀን ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። በቂ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕም በየቀኑ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ገብቷል። ትናንት የገባው አራት ሺህ አምስት መቶ ነው።»

«ደመና ይሆናላ።»

«ትናንት ደመና አይተሃል? ደመና ቢሆንስ እንዲህ እኩል ይከፍላል? ልክ ግማሽ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ቀኑን ሙሉ ተሸፍነው ውለዋል። ከመሰላሉ አጠገብ ያሉት ሦስቱ። ማታ ደግሞ ተጠርገዋል። እስከዳር ይህን ስሌት ከእኔ ቀድማ ሠርታዋለች፤ ማሽኑን አጥፍታ ጥፋቱን በራሷ ላይ የወሰደችው ለዚህ ነው።»

«በቃ!» ብላ ጮኸች እስከዳር። «በቃ፣ አይናገሩ!»

የብርጓል መዳፏን ከፈተች። ወይዘሮ ሙሉዬ ጎንበስ ብለው ቅንጣቷን አዩ።

«ብቅሌ ነው» አሉ። «መሬት ላይ ሳሰጣው ዶሮ አላስቀምጥ አለኝ። ያ ጣሪያው ላይ ያለው ጥቁሩ ደግሞ ይሞቃል፤ ቶሎ ያደርቃል ብዬ…» ቀና አሉና የሁሉንም ፊት ተራ በተራ ተመለከቱ። «መንግስቱ ኮቴዬን ሰምቶ ስቆብኛል። ‹አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ጣሪያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?› አለኝ። ‹ያንተኑ ነው የምሠራው› አልኩት።»

ጸጋው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንሙት የእስከዳርን ካቴና ፈታ። እስከዳር እናቷ እግር ሥር ተደፍታ ጉልበታቸውን አቀፈች።

«እናቴ፣ ይህ ወንጀል አይደለም» አለች የብርጓል። «እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው። አላወቁም።»

ወይዘሮ ሙሉዬ የሰሙ አይመስሉም። በክፍቱ በር፣ ከጭቃ ቤታቸው ደጃፍ የተቀመጠውን የብቅል ጆንያ ያያሉ። ልጃቸውን ፀጉሯን ዳበሱና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ታዲያ ብቅሉን ምን ላድርገው?»