የሞተር እጅጌዎች

«እማዬ፣ እዪልኝ! ፕሮዳክቲቭ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው!»

ልጅቷ የእጅጌውን ክምር አቅፋ ከስፌት ማሽኑ ተነሳች። የሰፈሩ ሰው «ሞተር» የሚላት በከንቱ አይደለም፤ ስትናገርም ስትሰፋም ፍሬን የላትም። ጠዋት የእንግሊዝኛ መምህሩ «ፕሮዳክቲቪቲ ማለት ብዙ መሥራት፣ ፍሬያማ መሆን ነው። ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ጽፋችሁ ኑ፤ የበለጠው ነገ በትምህርት ቤቱ ማይክሮፎን ይነበባል» ብሏቸው ነበር። ሞተር ያንን ማይክሮፎን ከተመኘችው ቆይታለች። ስለዚህ ምሳ እንደበላች፣ እናቷ ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ልጆች ከምትሰፋቸው ሸሚዞች «እጅጌውን ለኔ ተይው» ብላ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ አንዱን እጅጌ አነሳች። ሌላውንም አነሳች፤ ከሸሚዙ ትከሻ ጋር አስተያየችው። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«የኔ ሞተር፣ ሁሉም እኮ ግራ ነው! ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን የት ያድርጉት?»

ጨርቁ ፊትና ጀርባው አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ሰፍታ ቀጣዩን ገልብጣ መስፋት ነበረባት፤ እሷ ግን ፍጥነቷ እንዳይቀንስ ብላ ሁሉንም በአንድ በኩል ነድታዋለች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ! አይዞሽ፣ ግማሹን ተርትረን እንገለብጠዋለን» አለች እናቷ ዓይኗን እየጠረገች።

ይሄኔ ጎረቤት ያለችው ጓደኛዋ ቀጮ ገባች። ሞተር ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን ወረቀት አንስታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ዛሬ በአንድ ከሰዓት ክምር እጅጌ ሰፋሁ። ይህ ፕሮዳክቲቪቲ ነው።»

«ያለቀለት ነው! አንደኛ ነሽ በቃ።»

«ሁሉም ግራ ሆኖ እኮ ነው የተሰፋው።»

«ታዲያ መምህሩ መጥቶ ሊለካው ነው? እሱን ዝለዪው። ሙድ ይይዙብሻል።»

ሞተር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲስቅባት ታያት። እናቷ ግን አንዱን እጅጌ በቀኝ እጇ አጥልቃ፣ ጠምዘዝ ሲልባት እንደገና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። ሞተርም አላስቻላትም፤ አብራት ሳቀች። እየሳቀች እስክሪብቶዋን አነሳችና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዛ ጻፈች፦

«ሁሉም ግራ ነበሩ። አንድም ሸሚዝ አላለቀም።»

«አበድሽ እንዴ?» አለች ቀጮ።

«ይልቅ ነዪ፣ ጫፉን ያዢልኝ» አለች ሞተር፤ የመጀመሪያውን ስፌት በቀስታ መተርተር ጀምራ ነበር።