በጭብጡ የቀረው አሸዋ

ያን ቀን ጠዋት የአሸዋ ፈታሹ እንደ ወትሮው ቁርሱን ቆሞ በላ። ሚስቱ ከበሩ ኋላ ነጩን ፎጣ እየሰቀለች፣ «ዛሬ እንኳ እጅህን በወግ ታጠብ፤ የመዳፍህን ካርታ ማጠብ ሰለቸኝ» አለችው።

«ዛሬማ ይብሳል» ብሎ ሳቀ። «የሚፈተነውን አሸዋ ሰው እስኪያመጣልኝ አልጠብቅም፤ በራሴ እጅ እዘግናለሁ።»

ሌላ ሠራተኛ ሳይገባ የመድረስ ልማድ ነበረው፤ ቶሎ ወጣ።

ረፋድ ላይ የሚስቱ ወንድም የሚያሽከረክረውን የአሸዋ መዛቂያ ሎደር አስነስቶ ከአስፋልት ማምረቻው ጎን ያለውን የአሸዋ ክምር ሲዝቅ፣ የእህቱ ባል ጫማ ብቅ አለ።

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ሸራ ላይ ተጋድሟል። የሎደር ሹፌሩ ክምሩን ከሥሩ ቦርቡሮ ሰው ላይ አስደርምሷል ተብሎ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል።

«ጋሼን እኔ? ያሳደገኝን ሰው?» ይላል ደጋግሞ።

ተጠርታ የመጣችው ሚስቱ አላለቀሰችም። የመርማሪውን እጅጌ ብቻ ያዘች። «ባሌ ሄዷል። ወንድሜንም ከወሰዳችሁብኝ ማን ቀረኝ ልበል?»

መርማሪው ተንበረከከ። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ደርቋል፤ ከላይ ቡናማ ጭቃ ለብሷል። ጣቶቹን ቀስ ብሎ አላቀቀና ከውስጥ የወጣውን አሸዋ በወረቀት ጠቀለለ።

«አሸዋ የመጨበጥ ልማድ ነበረው?» ሲል ሚስትየዋን ጠየቃት።

«ክምር ካየ አያልፍም። ዘግኖ በመዳፎቹ መሃል ይፈትገዋል። ጭቃው እጁ ላይ ከቀረ ‹ይኼ ለመንገድ አይሆንም› ይላል። ካላመኑ ፎጣዬን ይጠይቁት።»

ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ወገቡ ላይ ያንጠለጠላቸውን ቁልፎች እያንሿሿ መጣ። «አሳዛኝ አደጋ ነው። ይህን ልጅ ከሥር አትዛቅ ብዬ ስንቴ መከርኩት!»

«አሸዋው እንዴት ነው?»

«የጠራ! ትናንት ራሴ ከዚሁ ክምር ወስጄ ሰጠሁት። ፈተነው፤ አለፈ።»

አሸዋ አቅራቢው ስለ ክምሩ ጥራት ሲጠየቅ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የመለሰው። «አሸዋ ነው እንጂ ስኳር አይደል፤ ማን ይልሰዋል?»

«የታጠበም ያመጣሉ?»

«ለዚህ ቦታ? አንድ ጆንያ ብቻ። እሱንም መሐንዲሱ ለቤቴ ልስን ብለው ነው ያዘዙኝ፤ ከመፈተኛው ኋላ ባለው ክፍላቸው አስገባሁት።»

መርማሪው ሁሉንም መፈተኛ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረጃጅም የብርጭቆ ቱቦዎች አቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለና በአንዱ ከክምሩ የተዘገነ አሸዋ፣ በሌላው ከሟቹ ጭብጥ የወጣውን ጨመረ። ውሃ ሞልቶ እኩል ናጣቸው፤ አስቀመጣቸውም።

በመጀመሪያው ቱቦ አሸዋው ሲዘቅጥ ጭቃው ከላዩ እንደ ወፍራም ሾርባ ተንሳፍፎ ቀረ። በሁለተኛው ውስጥ ግን ውሃው ጠርቶ በወዲያ በኩል ያለው መስኮት ታየ።

«ድንጋዩን አፈር ካለበሰው ሬንጁ የሚይዘው አፈሩን ነው» አለ መርማሪው። «ዝናብ ሲገባ ይላቀቃል፤ መንገዱ ይቦረቦራል። ሟቹ ይህን ያውቅ ነበር። ከክምሩ ዘግኖ ቢሆን ኖሮ ጭብጡ ውስጥ ጭቃ እናገኝ ነበር። ጭቃው ግን ከእጁ ውጭ ነው፤ ውስጡ የታጠበ አሸዋ ነው። እንግዲህ እዚያ የተቀበረው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተው የታጠበ አሸዋ ካለበት ነው።»

አቅራቢው ወደ መሐንዲሱ ዞረ። «እኔ አንድ ጆንያ ብያለሁ...»

«አዎ፣ አንድ ጆንያ። መሐንዲስ፣ ትናንት ከዚሁ ክምር ወስጄ ሰጠሁት፣ አለፈ ብለውኛል።» የመጀመሪያውን ቱቦ አነሳ። «ይሄ ያልፋል?»

መሐንዲሱ ወገቡ ላይ ያሉትን ቁልፎች በእጁ ሸፈነ።

«የኋለኛው ክፍል ቁልፍ የትኛው ነው?»

በሩ ሲከፈት የተገለበጠ ጆንያ ታየ። ንጹሕ አሸዋ ወለሉ ላይ ተበትኗል፤ የብረት መደርደሪያው ጥግ ላይ ደም ደርቋል።

የመሐንዲሱ ፊት አመድ መሰለ። «በሩን ክፍት ትቼው ነበር... ገብቶ ከጆንያው ዘገነ። ‹ከክምሩ ነው እያልክ ስንት ጊዜ ይህን አስፈተንከኝ? ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ገፋሁት እንጂ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ከዚያ ጎትተው ክምሩን ናዱበት። ሹፌሩን ደግሞ ለእኛ ሰጡን።»

ሚስትየዋ የወንድሟን እጅ ያዘች፤ ፖሊሶቹም ለቀቁት።

ክምሩ እንዲነሳ ታዘዘ። በዚያው አሸዋ ቀድሞ የተነጠፈው መንገድ ላይ ግን መኪናዎች ይሄዳሉ፤ ዝናቡም መምጣቱ አይቀርም።

ማታ ወንድሟ ቤት አደረሳት። እጁን ታጥቦ ወደ ፎጣው ዘረጋ፤ መለስ አለና ሱሪው ላይ አደረቀ። እሷም አየችው።

ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ፎጣ ላይ የመዳፍ ምልክት የለም።