በጥቁር የተጻፈ ማመልከቻ

በ1977 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ ሥራ ፈላጊን ለመለየት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንዱ ደረቱ ላይ ሦስት ባጅ ደርድሮ ይመጣል። ሌላው ገልጦት የማያውቀውን ባለ ቀይ ልባስ መጽሐፍ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይመጣል። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱን በር ዘበኛ «ጓድ» እያለ እጁን አልለቅም ይላል፤ ዘበኛው የሚቀጥረው ይመስል። ያጎት ልጅ ካድሬ ያለውማ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ ዘመዱ ብቻ አውርቶ ይሄዳል፤ በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» እንዳለችው። ሁሉም ከሌላው ተለይቶ መታየት ይፈልግ ነበር፤ የሚለይበት ዘዴ ግን የሁሉም አንድ ነበር።

ታቢታ ማቴዎስ እነዚህን ሰዎች ትንቃቸው ነበር። ንቀቷን መደበቅም አታውቅበትም። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ስትመጣ ባለባጆቹን ከእግር እስከ ራስ ታያቸውና ፊቷን ወደ ሰሌዳው ትመልሳለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ታይፕ ተምራ የምስክር ወረቀት ይዛለች፤ ከዚህ በላይ የምትጨምረው ነገር የለኝም ባይ ነበረች። ሃያ ዓመቷ ነው። በሃያ ዓመት ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም።

ለመኩራት ጊዜ ግን አልነበራትም። አባቷ አቶ ማቴዎስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ የወንጌል አገልጋይ ነበሩ። መንግሥት የቤተ ክርስቲያናቸውን በር በቀይ ሰም ካሸገው ወዲህ እንሰታቸውን እየኮተኮቱ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከተማ ውስጥ አክስቷ ብርቅዬ ቤት ሥራ ፈታ መክረሟ አላስደሰታቸውም። እስከ ፋሲካ ሥራ ካላገኘች ወደ ቱላ ተመልሳ ኩማን እንድታገባ ቁርጡን ነግረዋታል። ኩማ የወፍጮ ቤት አለው። ጥሩ ሰው ነበር። ስለ እሱ ከዚህ ሌላ የሚናገር ሰው ተገኝቶ አያውቅም።

ከሰሌዳው ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጣል። አምሳሉ በኃይሉ ይባላል፤ የሟች መምህር ልጅ ነው፤ አሮጌ የጽሕፈት መኪናውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይመጣል፣ አቅፎ ይሄዳል። መኪናው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ የሆነ ሪባን ነበረው። አምሳሉ አንድ ቀን ለአንድ ሰው የማመልከቻውን መዝጊያ፣ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የምትለዋን፣ በቀይ መታለት። ሰውየው ሥራ አገኘ። በቀይዋ ምክንያት ይሁን በአማቹ ማንም አልጠየቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ ቀይ ይፈልግ ጀመር።

ታቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ባለው የባለጉዳይ መቀመጫ፣ ዱካው ላይ ስትቀመጥ ምን እንደሚጽፍላት ጠየቃት።

«ስሜን፣ የተማርኩትን፣ ሥራ እንደምፈልግ» አለችው።

«በአብዮቱ ፍቅር ስለ መቃጠልሽ አንድ መስመር ቢኖር አይጎዳም። መዝጊያውን ደግሞ በቀይ አደርግልሻለሁ። ሁሉም እየወሰደው ነው።»

«ሁሉም የወሰደውን ነው ለእኔ የምታቀርበው? ውሸት ስትሸጥ ትንሽ አያሳፍርህም?»

«እኔ ውሸት አልሸጥም» አላት ሳይቆጣ። «ውሸቱን ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው። እኔ የፊደሉን ግድፈት ብቻ ነው የማርመው።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ከንፈሯን ነክሳ ተወችው። አምሳሉ አራት መስመር በጥቁር መታላትና አነበበላት። ያቺ አራት መስመር በእሱ ድምፅ ስትሰማ ከሌላው ሰው ሁለት ገጽ የበለጠች መሰላት። ወዲያው ግን ለዚህ ሰው ድምፅ ማማር ምን አገባኝ ብላ ራሷን ገሠጸች።

ስድስት ጊዜ አመለከተች፤ ስድስቱንም ጊዜ የጠራት አልነበረም። ስድስቱንም የጻፈላት አምሳሉ ነው። ስትመጣ ዱካውን በመሐረቡ ይጠርግላታል፤ ለሌላ ሰው ሲጠርግ ግን አይታው አታውቅም። እሷም ይህን እንዳላየች ትሆናለች። አራት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት እየፈጀባቸው መጣ፤ ተራ ጠባቂዎቹ ያጉረመርማሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር አብረው ሄዱ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ ነበር፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«እነዚህም ሥራ ፈላጊዎች ናቸው» አለች ታቢታ።

«ባጁ ነው የጎደላቸው» አላት አምሳሉ።

ያን ጊዜ አብረው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እሱ ለምን ሥራ እንደማያመለክት ጠየቀችው። ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጽፍለት ነገራት፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስድስት ወር ታስሯል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ሰምቶ ማኅተም የሚያነሳለት ሊቀ መንበር አልተገኘም። ለሌላው ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ ግን በቀን አምስቱን ይጽፋል። እጁ የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ፣ እጇ አጠገብ ነበር። አንዳቸውም አላነሱም፤ አንዳቸውም አልነኩም። እንዲሁ ሐይቁን ሲያዩ አመሹ።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሐይቅ ዳር እርሻ የሚባል ድርጅት አንድ ታይፒስት እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ብቻ። ዋርካው ሥር ተሰልፎ የነበረው ሰው መንገዱን ዘጋው። ታቢታ ከአባቷ መልእክት ደርሷት ነበር፤ የኩማ ቤተሰቦች ቀን ቁረጡልን ማለታቸውን ሰምታለች። ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ አምሳሉን ቀና ብላ አላየችውም።

«በቀይ አድርግልኝ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል። መዝጊያውን በቀይ። ስለ መቃጠሌም ጨምርበት።»

አልሳቀባትም። ቢስቅባት ይሻላት ነበር። መኪናውን ወደ ራሱ አዙሮ፣ እንዳታይ በትከሻው ከልሎ መታ፤ አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተና በሙጫ አሽጎ ሰጣት። እንደ ታሸገ እንድታስገባው አስጠነቀቃት። እሷም አልከፈተችውም፤ የገዛ ውርደቷን ቁጭ ብላ ማንበብ አልፈለገችም። ሰውን ሁሉ የናቀችውን ያህል ያን ቀን ራሷን ናቀች። ከዚያም ፋሲካ ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ ወደ ዋርካው ዝር አላለችም። ጎንበስ ስትል ያያት እሱ ብቻ ነበርና።

ስሟ ለፈተና ከተጠሩት አራት ሰዎች መካከል ወጣ። የድርጅቱ የአስተዳደር ኃላፊ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ወንበር ያልቀየሩ፣ ማንንም ለማስደሰት ፈገግ የማይሉ ሴት ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የማመልከቻ ክምር አለ።

«ይኸን ታያለሽ?» አሏት። «መቶ ስድሳ ሰው ነው። መቶ ሃምሳ ስድስቱ ግን አንድ ሰው ነው፤ ሁሉም በአብዮቱ ፍቅር የተቃጠለ፣ ሁሉም ከታች በቀይ የፈረመ። እንዲህ ከተቃጠለ አመዱን ቀጥሬ ምን ላደርገው ነው? ዓይኔን አመመኝና ቀይ ያለበትን ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩት። አራት ቀራችሁ። ካራቱ አጭሯ ያንቺ ናት። በዚህ ከተማ አንገቷን ያልደፋች አንዲት ልጅ አለች ማለት ነው ብዬ ጠራሁሽ።»

ወረቀቷን አዞሩላት። አራት መስመር ነው፤ እንደ ወትሮው፤ በጥቁር። ቀይ ነጥብ እንኳ የለበትም። ታቢታ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። አታለላት። ቀጥሎ የተሰማት ደግሞ ዓይኗን በእንባ ሞላው፤ ለእሱ ስም ለመስጠት ግን ጊዜ አላገኘችም።

ዝም ብትል ይበቃት ነበር። አንድ ቃል መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ሴትዮዋ ራሳቸው ጨርሰውላታል። ግን አቶ ማቴዎስ ልጃቸውን ከፊደል በፊት ያስተማሯት ሐላሌን ነው፤ በሲዳማ አፍ እውነት ማለት ነው፤ ባለቤቷ ዝም ቢልባት እንኳ ዝም የማትል እውነት።

«እትዬ፣ እኔም ቀይ ጠይቄ ነበር» አለች። «በጥቁር የጻፈው ጸሐፊው ነው፤ አልነገረኝም። አሁን ነው ያየሁት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድልሽን በገዛ እጅሽ እየደፋሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ጸሐፊው ምንሽ ነው?»

ታቢታ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። ወይዘሮዋ ፊቷን አይተው መልሱን ያገኙት ይመስላል፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በይ እዚያ መኪናው ጋ ተቀመጪ። ጸሐፊው ዛሬ ላንቺ አይመታልሽም፤ ጣትሽን ልየው።»

መታች። ንዴት ለጣት ጥሩ ነው። ሁለት ገጽ ያለ አንድ ግድፈት ጨርሳ ተነሳች። ከሦስት ቀን በኋላ ስሟ ብቻውን ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ባለሦስት ባጁ ሰውዬ ስሟን ሁለት ጊዜ አንብቦ ዘመዷ ማን እንደሆነ ጎረቤቱን ጠየቀ።

ታቢታ መንገዱን ተሻግራ ዋርካው ሥር ቆመች። አምሳሉ መሐረቡን አውጥቶ ዱካውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ።

«አልቀመጥም» አለችው። «ለምን አታለልከኝ?»

አምሳሉ መሐረቡን እጁ ላይ ጠቀለለው። «ሁሉንም በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ክምሩ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥቁሩ እንደሚታይ ገመትኩ።» የጠቀለለውን መሐረብ ፈታ። «እሱም ብቻ አይደለም። አንቺን በዚያ ቀለም ልጽፍሽ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ገብተሽ እኔም ራሴ የማላገኝሽ መሰለኝ።»

«ግምትህ ባይሰምርስ? ኩማን አግብቼ ነበር እኮ።»

«ያን ጊዜ ቱላ መጥቼ አባትሽ ደጅ እቆም ነበር።»

«ምን ይዘህ? ቀይ ሪባንህን?»

ይህን ያለችው በዚያው በታወቀው ንቀቷ ነው፤ ግን ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረባት። ከዚያ ወዲያ ልትደብቀው አልሞከረችም። ዱካው ላይ ተቀመጠች። እሱ ሳይጠርገው።

ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበር። የአምሳሉ አባት ወዳጆች ግን ጴንጤ ቤት ደጅ አንጠናም አሉ፤ ከታቢታ ወገን ሊሄዱ የሚችሉት አገልጋዮች ደግሞ ታስረው ነበር። ለአምሳሉ የቀረው የሚያውቀው ሥራ ብቻ ነው። ለአቶ ማቴዎስ ሁለት ገጽ ጻፈ። «እጅግ የተከበሩ» ብሎ ጀምሮ ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች ገናናነት አተተበት። ታቢታ አነበበችው።

«ይኼ ለአባቴ ነው ወይስ ለክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ?» አለችና አራት ቦታ ቀደደችው። «ለእኔ የጻፍክልኝን ዓይነት ጻፍ።»

እንደገና መታ። ስሜ አምሳሉ በኃይሉ ይባላል። ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ሃይማኖታችን ይለያያል። ልጅዎን እወዳታለሁ። አራት መስመር፤ በጥቁር። ወረቀቱን ሊያወጣ ሲል ታቢታ እጁን ያዘችው። በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ሪባኑን ወደ ቀይ አዞረችና አንዲት ቃል ብቻ መታች።

የፋሲካ ዋዜማ ቱላ ገባች። አቶ ማቴዎስ ደብዳቤውን ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቆመው አነበቡት። ቀስ ብለው የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ደግሞ ይበልጥ ዘገዩ። ታቢታ ሥራ ማግኘቷን ነግራቸዋለች፤ ሥራው ግን ከኩማ ቢያድናት እንኳ ለአምሳሉ የአባቷን ፈቃድ አያስገኝላትም። ያቺ በር ከታሸገች ወዲህ ቀይ ነገር ማየት እንደማይወዱም ታውቃለች። የገዛ እጇን ስህተት አሁን ገና አስተዋለችው።

አባቷ አውራ ጣታቸውን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፉ። «እኔም» ይላል፤ በቀይ።

«ይቺን የጻፋት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ቃሏን እንደ ሰሙ በአውራ ጣታቸው ቀለሟን ሁለቴ ዳበሷት፤ የምትለቅ እንደሆነ የሚያዩ ይመስላሉ። አልለቀቀችም። ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ኩማን እኔ አነጋግረዋለሁ» አሉ። ወደ ቤት ሁለት እርምጃ ተራምደው ዘወር አሉ። «ለዚያ ልጅ ግን ንገሪው፤ ደህና ሥራ ይፈልግ።»

«ማመልከቻውን እኔ እጽፍለታለሁ» አለች ታቢታ።